ቀለል ያለችው ካርቶን

ሰኞ

አዲሱ የጌም ማጫወቻ ወጣ። በዓሉ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ያወጡት አስበውበት ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ስልክ የጠየቀ የለም፣ ቻርጀር የጠየቀ የለም፤ የገባው ሁሉ "ጌሙ መጥቷል?" ነው የሚለው። ሁሉንም "ነገ" አልኳቸው። ነገ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን "የለም" የተባለ ሰው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ "ነገ" የተባለ ሰው ነገ ይመለሳል።

ጎረቤቴም የለውም። ግድግዳ የምንጋራው ባለሱቅ ነው። ስቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ "ፈገግታ" ይለዋል።

ማክሰኞ

ከቀጮ ጋር አከፋፋዮቹን ስንዞር ዋልን። ቀጮ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕቃ የሚያመላልስልኝ እሱ ነው፤ ሱቁን ጠዋት የሚከፍተው፣ ማታ የሚዘጋውም እሱ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀጮ ቀበቶ ላይ አይወርድም።

ዋናውን አከፋፋይ ነጋዴው ሁሉ "አጎቴ" ይለዋል፤ የማንም አጎት አይደለም።

"አጎቴ፣ ስንት ትሰጠኛለህ?"

"ላንቺ ስለሆነ ሁለት። ግን ከነዚህ የጆሮ ማዳመጫዎችም አንድ ካርቶን ትወስጃለሽ።"

"ያንን እኮ አምናም አሸክመኸኛል። እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አቧራ እያዳመጠ ነው።"

ቀጮ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። የጆሮ ማዳመጫውን ግን አልቀነሰልኝም። ሁለት ማሽን ይዘን ተመለስን፤ ከመኪናው ሳናወርዳቸው ተሸጡ።

ሐሙስ

ፈገግታ በግድግዳው በኩል ጠራኝ። አንድ የሚያውቀው ነጋዴ የሸጠውን ማሽን ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው የወለል ጡብ አገኘ አለኝ። ካርቶኑ አዲስ፣ ማሸጊያው አዲስ፣ ውስጡ ጡብ።

"ነጋዴውስ ምን አለ?"

"ምን ይበል? እሱም ሳይከፍት ነው የገዛው።"

እውነቱን ነው። ማሸጊያው የተነካ ካርቶን ዋጋው እዚያው ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚነካው የለም። አጎቴ ሳይከፍት ይረከባል፣ እኔ ሳልከፍት ከአጎቴ እረከባለሁ፣ ገዢው ሳይከፍት ከእኔ ይወስዳል። ከመካከላችን ማሽኑን በዓይኑ ያየ የለም። የምንሸጠው ካርቶን ነው።

እኔ ግን ዘዴ አለኝ። ከመጋዘኑ ሚዛኑን አወጣሁና ባንኮኒው ጥግ አስቀመጥኩት። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ካርቶን ይመዘናል። ቀጮ "እታለም፣ ቀጥሎ እኔን ነው የምትመዝኚኝ" አለ። "አንተንማ ሚዛኑ አያነብህም" አልኩት። የቀጭንነቱ ቀልድ አይሰለቸውም፤ ሰው ካልቀለደበት ራሱ ይቀልዳል።

ቅዳሜ

የለም። የትም የለም። ዛሬ ሁለት ጎልማሶች ላልመጣ ማሽን ወረፋ "እኔ ነኝ የቀደምኩት" ተባብለው ሊያያዙ ነበር። የአንዱ ሚስት በስልክ "ሳትይዝ እንዳትመጣ" ስትለው ሱቁ ሙሉ ሰማ። ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም።

ቀጮ ራቅ ያለ ከተማ አንድ አከፋፋይ ማሽን አለው ሲሉ ሰምቷል። ሂድ አልኩት። አዳር ነው።

ሰኞ

ቀጮ በተባለው ቀን አልመጣም፤ በማግስቱ፣ ዛሬ፣ ሸሚዙ አፈር በአፈር ሆኖ መጣ። ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ አደርን አለ። "እንደ ሙሽራ አቅፌያቸው ነው ያደርኩት፣ እንዳይሰርቁኝ።" ሦስት ካርቶን። ጎበዝ አልኩት፤ ቤት ሄዶ እንዲያርፍ ነገርኩት።

ከሄደ በኋላ መዘንኳቸው። ሁለቱ እኩል ይመዝናሉ። አንዷ ቀለል ትላለች። ትንሽ አይደለም፤ በእጅም ይታወቃል። ደግሜ መዘንኳት። ሚዛኑን አንስቼ ወለል ላይ አድርጌ መዘንኳት። የማሸጊያው አንድ ጥግ በትንሹ ተነስቷል።

ሰኞ፣ ማታ

ጎማ ፈነዳ። ይፈነዳል። ግን ሌሎች ሁለቱ ደህና ሆነው አንዷ ብቻ? ባለፈው ወር የሚስቱ ሥራ ቀዝቅዟል ብሎኝ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ በዓል እየደረሰ የሚያሰፋ ጠፋ አለኝ። ያኔ ዝም ብዬ ነው የሰማሁት። ዛሬ ለምን እንደነገረኝ እያሰብኩ ነው።

ካርቶኗን ቤት አምጥቼ አልጋዬ ሥር አስገባኋት። እማዬ ከማዶ ክፍል "ምንድን ነው የምትጎትቺው?" አለች። ዕቃ ነው አልኳት።

የገዛ ወንድሜ። አይመስለኝም። ግን ሚዛን ወገን የለውም።

ማክሰኞ

ነገርኩት። እማዬም ሚስቱም ባሉበት። ሱቅ ውስጥ ለብቻው ልነግረው ይገባ ነበር። ግን ለምሳ እኛ ቤት መጥተው ነበር፤ እሱም ስለ ፈነዳው ጎማ እያወራ እማዬን ያስቃት ነበር። ሳቁ አናደደኝ።

"ካመጣሃቸው አንዷ ትቀላለች" አልኩት።

"ትቀላለች ማለት?"

"ውስጧ ያለው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።"

"እና?"

"ይዘሃት ያደርከው አንተ ነህ። ሌላ ማን ነካት?"

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እማዬ "ኧረ ልጆች" አለች፣ ትንንሾች ሳለን ስንጣላ እንደምትለው።

"ክፈቻት" አለኝ ቀጮ። "አሁኑኑ አምጪና ክፈቻት።"

አልከፈትኳትም። ሁላችንም ንዴት ላይ ነበርን። ቁልፉን ከቀበቶው ፈታ፣ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠውና ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው። የበሉት ጥቂት ነው።

ረቡዕ

ሁለቱን ካርቶኖች ጠዋት ሸጥኩ።

ከሰዓት አንድ ሰው መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እጁ ላይ ግራሶ አለ፣ ፊቱ ፀሐይ የበላው። "እትዬ፣ በሰው ምክር ነው አንቺ ጋ የመጣሁት። ዛሬ መንገድ እገባለሁ። ልጄ በስልክ ከዚህ ጌም ሌላ ወሬ የለውም።"

"መቼ ትመለሳለህ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። ከበዓል በኋላ ነው፣ ያውም ጭነት ከተገኘ።"

ያቺ ካርቶን ባንኮኒው ሥር ነበረች። ከአልጋ ሥር አንስቼ ለምን ሱቅ እንዳመጣኋት አላውቅም። ቤት ቦታ ስለያዘች ይመስለኛል።

"ደህና ናት አይደል?" አለ። "ድንጋይ አሽገው የሚሸጡ አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"ማሸጊያውን እየው፤ የተነካ ነገር የለም" አልኩት። ውሸት አይደለም። የተነሳችውን ጥግ ጠዋት በጣቴ ተጭኜ መልሻታለሁ።

ሕፃን እንደሚታቀፍ አቅፎ ወጣ።

ሐሙስ

ሥራ በዛ። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። መዝጊያው ዝገት ይዞታል፤ ቀጮ እንዴት በአንድ እጁ ያነሳው እንደነበር አልገባኝም።

ዓርብ

ከባድ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ሹፌሩ የተመለሰ መሰለኝ። አትክልት የጫነ ነው። አለፈ።

እማዬ ማታ ማታ "ቀጮ በላ?" ትላለች። አርባ የሚጠጋ ሰው ነው። በልቷል እላታለሁ።

ሰኞ

ቀጮ ሥራ አገኘ፤ ያውም ፈገግታ ጋ። በግድግዳው በኩል ድምፁን እሰማለሁ። ካርቶን ሲያወርድ፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር፣ ሲቀልድ። ዛሬ ደግሞ አንድ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ፤ የሚያስል ሰው መስሎኝ ነበር። ፈገግታ ነው፤ እየሳቀ።

ሐሙስ

አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጥታ "ከዚህ የተገዛው ሁሉ ዋስትና አለው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ስታወራኝ አላዳመጥኳትም። ሹፌሩ ደረሰኝ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም። ቢመለስ ከእኔ መግዛቱን በምን ያስረዳል?

ይህን አሰብኩ። አስቤው ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ቀለል ስላለኝ አፈርኩ። ከዚያ ደንበኛ መጣ።

ቅዳሜ፣ ዋዜማ

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ግፊያ አይቼ አላውቅም። ካርድ አለቀ፣ ሽቦ አለቀ፣ አጎቴ ያሸከመኝ የጆሮ ማዳመጫ ሳይቀር ተሸጠ። ማሽን ግን የለም። ሰው ባዶውን መደርደሪያ እያየ ይቆማል፤ ካየው የሚመጣ ይመስል።

ከሰዓት ላይ ሰዉ መንገድ ከፈተና ቀጮ ገባ። ካርቶን ታቅፏል። ያው ማሽን። ትልቁ መደብር ለአንድ ሰው አንድ ብቻ እየሸጠ ነበር፤ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ ነው ያገኘው።

ባንኮኒው ላይ አስቀመጣት። "ይኸው በምትኩ" አለ።

"ቀጮ፣ ይሄ ምን ያስፈልጋል…"

"መዝኛት።"

መዘንኳት። ልክ ናት።

"በቃ?" አለ።

"በቃ።"

"ያችኛዋንስ ምን አደረግሻት?"

"አለች" አልኩት። "አስቀምጫታለሁ።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀና ወጣ። እሱ በሩን ሳያልፍ አንዱ "እቺ ለሽያጭ ናት?" ብሎ ገንዘብ ዘረጋ። ሸጥኳት። ዋዜማ ነው፤ ሌላ ምን ላደርጋት ነበር? ቀጮ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ እንደገዛት አልጠየቅኩትም። ነጋዴ የሰው ገንዘብ ከየት መጣ አይልም።

እሑድ

በዓል። እኔና እማዬ ብቻ። እማዬ ለአራት ሰው የሚሆን ሳህን አወጣች። ሁለቱን መልሼ አስቀመጥኳቸው። "ይመጣሉ" አለች። አልመጡም። ሹፌሩም እስካሁን ቤቱ ደርሶ ይሆናል። ልጁ ከፍቷት ይሆናል።

ሐሙስ

ገበያው በረደ። አጎቴ አዲስ ዙር ላከልኝ። የመጀመሪያዋን ካርቶን መዘንኳት፤ ቀለለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋም። ሁሉም እንደዚያችኛዋ። ስልኩን አነሳሁና ደወልኩለት።

"አጎቴ፣ ምንድን ነው የላክብኝ? ሁሉም ይቀላሉ!"

"ይቀላሉ እንጂ! አዲሱ ምርት ነው እኮ። ውስጡ ያለውን የማቀዝቀዣ ብረት አሳንሰውታል አሉ።" ሳቀ። "ካርቶን የምትመዝን ነጋዴ ካንቺ ሌላ አላየሁም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከበዓሉ በፊት ጀምሮ ነው። ወደ ሌሎቹ ከተሞች ሲሄድ የነበረው እየተደባለቀ ነው። ምነው?"

ምንም አልኩት።

በሩን ዘጋሁና አንዷን በቢላ ከፈትኳት። በሥራ ዘመኔ ማሸጊያ ስከፍት የመጀመሪያዬ ነው። ማሽኑ እዚያው ነበር፤ አዲስ፣ በስስ ላስቲክ የተጠቀለለ፣ ዝም ብሎ።

ሐሙስ፣ ማታ

ያን ማክሰኞ የጻፍኩትን አነበብኩት። "አልከፈትኳትም፤ ሁላችንም ንዴት ላይ ነበርን" ብያለሁ። እንደዚያ አልነበረም።

እኔ አልተናደድኩም ነበር። በነገር መሃል ንዴት አይዘኝም፤ ለዚህም ነው ንግድ የሚሆነኝ። ቀጮ ከጠረጴዛው ላይ ቢላ አንስቶ ወደ ክፍሌ ገባ። ካርቶኗን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣት። ቢላውን ማሸጊያው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ከእጁ ነጠቅኳት። "ምነው? ክፈቻትና ይለይልን!" አለኝ። ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። እማዬ በሩ ላይ ናት፤ ሚስቱ ከኋላዋ።

ከፍተን ማሽን ብናገኝ፣ የተከፈተ ማሽን ዋጋው ይወርዳል። ከፍተን ጡብ ብናገኝ፣ ጡብ ማን ይገዛኛል? ካልተከፈተች ግን ማሽን ናት። ወንድሜ "ሌባ አይደለሁም" እያለ ሲለምነኝ እኔ ይህን ነበር የማስበው። አልጋዬ ሥር እያለችም በልቤ ሸጫት ነበር።

አንዲት ቢላ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቅዳሜ

ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ አልኩ። "ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው" ለማለት አይከብደኝም። ግን "ያቺን ካርቶን አምጪያት" ቢለኝስ? አለች ብዬዋለሁ። አዲሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዷን ወስጄ "ይቺ ናት" ብለው ማን ያውቅብኛል? ይህንንም አሰብኩ። የማላስበው ነገር የለም ማለት ነው።

ማክሰኞ

ሹፌሩ መጣ።

ከመንገዱ ማዶ መኪናውን ሲያቆም አየሁትና ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ሱቁን ባዶ ጥዬ። "እትዬ! እትዬ የሉም?" ይላል። ካርቶኖች መሃል ቆሜ ይሄድ እንደሆነ ጠበቅኩ። አልሄደም። ወጣሁ።

በሁለት እጁ ብርቱካን የሞላ ከረጢት ይዟል።

"እግዜር ይስጥሽ!" አለኝ። "ልጄ ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ አላለም። እኔንም አስተማረኝ፤ ኳስ ስንጫወት ሁሌ ይረታኛል። ስንት ጊዜ ሄጄ ስመለስ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነበር የሚያየኝ። ዘንድሮ አብረን ሳቅን።"

"ደስ ይላል" አልኩ።

"መንገዱን ሁሉ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ድንጋይ ቢሆን ልጄ ፊት ምን እሆናለሁ እያልኩ። ከዚያ ደግሞ ሴትየዋ ማሸጊያውን አሳይታኛለች፣ ፊቷ የሰው ፊት ነው፣ አልኩ።" ብርቱካኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ጓደኞቼን ሁሉ አንቺ ጋ ነው የምልካቸው።"

ላክ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ብርቱካኑን ቤት ወሰድኩት። እማዬ አንዱን ልጣ "ጣፋጭ ነው፣ ማን ሰጠሽ?" አለች። ደንበኛ አልኳት። "አየሽ፣ ሰው እኮ ደግ ሲሠሩለት አይረሳም።" እኔ አልቀመስኩትም።

እሑድ

ከእማዬ የተረፈውን ብርቱካን ይዤ ወደ ቀጮ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጅ ከመሄድ ብዬ ነው።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። "ግቢ" አለች እንጂ እንደ ወትሮው አልሳመችኝም። ገባሁ። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው። እግሮቿ ወለሉን የፋቁበት ምልክት አለ፤ በአንዱ ጥግ ቁርጥራጭ ክር ቀርቷል። ስለ ቦታው አልጠየቅኩም። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ዋዜማ ዕለት የሸጥኳት ካርቶን ከየት እንደመጣች ወለሉ ላይ ይታያል።

ቀጮ ከውስጥ ወጣ።

"ካርቶኗ ደህና ነበረች" አልኩት ቁጭ ሳልል። "ጥፋቱ የእኔ ነው። አዲሱ ምርት ይቀላል። አላወቅኩም ነበር።"

"ደህና እንደነበረች አውቃለሁ። ያመጣኋት እኔ ነኝ።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

ከብርቱካኑ አንዱን አንስቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር። ሊቀበለኝ ነበር፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ "በመጨረሻ ከፈትሻታ" አለ።

አዎ ማለት እችል ነበር።

"አልከፈትኳትም" አልኩት።

"ታዲያ ደህና መሆኗን በምን አወቅሽ?"

"የገዛው ሰው መጥቶ አመሰገነኝ። ይሄን ብርቱካንም ያመጣው እሱ ነው።"

ሚስቱ ናት ቀድሞ የገባት። "ሸጥሻት?" አለች።

"መቼ?" አለ ቀጮ።

"ረቡዕ።"

"ረቡዕ… እኔን ሌባ ባልሽኝ በማግስቱ? ጡብ ናት ባልሽ በማግስቱ?"

"አዎ።"

"ለሰው?"

"ለሰው።"

ብርቱካኑን ወደ ከረጢቱ መለሰው፤ ሌሎቹ ላይ ቀስ አድርጎ።

"እኔ እኮ እስከዛሬ እንቅልፍ ያጣሁት፣ ምን ብታይብኝ ነው እንዲህ የጠረጠረችኝ እያልኩ ነው" አለ። "የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ሳስታውስ ነበር። ለካ እኔ ላይ ያየሽው ነገር የለም። በራስሽ ነው የለካሽኝ።"

ሚስቱ ብርቱካኑን መልሳ ሰጠችኝ። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ያሳደጓት ሰዎች ደግ ናቸው።

ሰኞ

የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ዞርኩ። የስፌት መኪና፣ ጥቁር፣ በእግር የምትረገጥ፣ መሳቢያዋ በግራ በኩል። "ስንት ዓመቷ ነው?" ይሉኛል፤ አላውቅም። "ምን ምልክት አላት?" አላውቅም። ስንት ዓመት እዚያ ቤት ቡና ጠጥቼ ተነስቻለሁ፣ ቀሚሴን አሰፍቼባታለሁ፤ መኪናዋን ግን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ረቡዕ

አገኘኋት፤ የገዛት ሰው ገና አልሸጣትም ነበር። የእሷ መሆኗን ያወቅኩት መሳቢያዋ ውስጥ ከእኔ ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ስላገኘሁ ነው። የጠየቀኝን ሰጠሁት። አልተከራከርኩም፤ ሰውየው ገርሞት ራሱ ቀነሰልኝ።

በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩላት። ሚስቱ መርፌዋን ሞከረች፣ መንኮራኩሯን አዞረች፣ አዳመጠቻት። "ዘይት አላጠጧትም" አለች። ለእኔ ያለችው ይኸው ብቻ ነው። የዋዜማዋን ካርቶን ገንዘብም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ዞር ብላ አላየችውም።

ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም። የሹፌሩንም። ሌባ ያልኩት እሷ ፊት ስለሆነ፣ ሌባ አይደለም የምለውም እሷ ፊት መሆን አለበት።

"ያን ቀን ካርቶኗን አቅፈሽ ስትቆሚ" አለች፣ "ወንድምሽን ሊመታሽ የመጣ ሰው አድርገሽ ነበር የምታዪው። እኔ ግን ካርቶኗን ነበር የማየው። ምንድን ናት እያልኩ።"

"ማሽን ናት እማዬ።"

"አሁን ነገርሽኝ" አለች። ብርቱካኑንም ሁለተኛ አልነካችውም።

ቅዳሜ

ሹፌሩ የላካቸው ሁለት ሰዎች መጡ። "አንቺ ነሽ ታማኟ ባለሱቅ?" አለኝ አንዱ። ሸጥኩላቸው። ለሹፌሩ እስካሁን አልነገርኩትም። ቢያውቅ ልጁ ጋ ያለው ማሽን ምን ይመስለዋል? ይህም ምክንያት ነው። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ሰኞ

ቀጮ ተመለሰ። እማዬ ናት የለመነችው፤ ፈገግታም ቢሆን ከበዓል በኋላ ሥራ የለውም። ቁልፉን ሰጠሁት። "አንቺው ጋ ይሁን" አለ። ጠዋት እኔ ስከፍት ይጠብቀኛል። መዝጊያውን ለማንሳት ስታገል ቆሞ ያየኝና ከዚያ በአንድ እጁ ያነሳልኛል።

አይቀልድም። ፈገግታ በግድግዳው በኩል "ኧረ ሰውዬ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ?" አለው። "ሥራ በዝቶ ነው" አለ።

ሚዛኑን ወደ መጋዘን መልሼዋለሁ።

ማክሰኞ

ቀጮ ከአጎቴ ዘንድ ዕቃ ጭኖ መጣ። ሱቁ ሰው ነበረው። ካርቶኖቹን ወለል ላይ ደረደረና ወደ መጋዘን ገባ። ሚዛኑን ይዞ ወጣ። ባንኮኒው ላይ፣ ድሮ የነበረበት ቦታ፣ አስቀመጠው። የመጀመሪያዋን ካርቶን ጫነበትና እጁን አጣምሮ ቆመ።

"ምን ታደርጋለህ? መደርደሪያው ላይ አድርጋት" አልኩት።

"አንብቢው።"

"ቀጮ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"እንዲሰሙ ጮክ ብለሽ አንብቢው።"

አነበብኩት። ካርቶኗን አንስቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ሌላዋን ጫነ። አነበብኩ። ካላነበብኩ አያነሳም። ማሽኖቹን ጨርሶ ቻርጀሮቹን ጫነ፣ ቻርጀሮቹን ጨርሶ የስልክ ሽፋኖቹን።

አንዲት ገዢ በአድናቆት ታየው ነበር። "እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!" አለችው። "እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?"

"እህቴ ናት ያስተማረችኝ" አላት ቀጮ።

የመጨረሻው አጎቴ እንደ ልማዱ ያሸከመን የጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ ቁጥሩ ላይ እንጂ እኔ ላይ አይደለም። ሰዉ ሁሉ ይጠብቀኛል።

አነበብኩት።